ጋሼ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አያውጡት

ለውድ አጎቴ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እትዬስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ እንግሊዝ አገር ብርዱ ገብቷል፤ ከዚያ በቀር የሚያማርር ነገር የለም።

«የእንጨት የቴኒስ ራኬት ደግሞ ምኑ ይሰበሰባል?» ብለው የጠየቁኝ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ስላልሆነ ነው መጻፌ። በዚያ ላይ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ሦስት ራኬት ልኬያለሁ። ከዕቃው በፊት ደብዳቤው ቢደርስዎ ይሻላል። የእርስዎን እጅ አውቀዋለሁና፦ አሮጌ እንጨት ፊትዎ ሲቀርብ መጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቫርኒሽ ነው። ለቁም ሳጥን ደግ ነው። ራኬትን ግን የሚገድለው እሱ ነው።

ከእንጨቱ ልጀምር፤ እርስዎም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። የክቡ፣ ማለትም ጅማቱ የሚወጠርበት ዙሪያ፣ ዋናው እንጨት አሽ የሚባል ዛፍ ነው። ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ነገር ግን እንደ ወይራ ግትር አይደለም፣ በእንፋሎት ሲታጠን ሳይሰነጠቅ ይጎብጣል። እስከ 1920ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ወጥ ረጅም ጣውላ አለስልሰው በቅርጽ ማውጫ ዙሪያ ያጎብጡት ነበር፤ ሁለቱ ጫፎች ወደታች ወርደው እጀታ ይሆናሉ። ትከሻው ላይ፣ ክቡ ከእጀታው በሚገናኝበት፣ የሚቀረውን ክፍተት ሽብልቅ ይሞላዋል። እሱ ብዙ ጊዜ ከሌላ እንጨት ነው፤ ማሆጋኒ፣ ቢች ወይም ሲካሞር ይሆናል። ከ1930ዎቹ ወዲህ ደግሞ ስስ ንጣፎችን ደራርቦ በሙጫ ማጣበቅ ተለመደ። የደንሎፕ ኩባንያ ማክስፕላይ የተባለው ራኬት በ1931 ገበያ ሲወጣ የዚህ አሠራር ዋና ምልክት ሆነ። ኮምፔንሳቶ እንዳይመስልዎ፤ በኮምፔንሳቶ የአንዱ ንጣፍ ጭረት በሌላው ላይ ተሻግሮ ያልፋል፣ እዚህ ሁሉም ክቡን ተከትሎ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። የሚታጠፍ እንጨት ጥንካሬው በጭረቱ ርዝመት ነውና።

ዕድሜውን ለመለየት ጽሑፍ ማንበብ የግድ አይደለም። የራኬቱ ራስ፣ ማለትም ክቡ ያለበት ክፍል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ከሆነ ከ1870ዎቹና ከ1880ዎቹ ነው፤ ጨዋታው በ1874 በእንግሊዝ አገር ባለመብትነት ከተመዘገበ፣ የዊምብልደን ውድድርም በ1877 ከተጀመረ ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው። የራሱ ጫፍ ጠፍጣፋ ከሆነም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ሽብልቁን ከክቡ ውስጥ ሆነው ይዩት፦ ጠርዙ ወደ ጅማቱ ካበጠ አሮጌ፣ ወደ እጀታው ጎድጎድ ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። እጀታው ቆዳ ሳይለብስ እንጨቱ ራሱ በቦይ በቦይ ከተቦረቦረ በአብዛኛው ከ1930ዎቹ በፊት ነው፤ ቆዳ መጠቅለል ከዚያ በኋላ ነው የተለመደው። አንዱ ምልክት ብቻውን ያሳስታል፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጥሙ ይታመናል። ቆዳውን በኋላ የጠቀለለበት ሰው ሊኖር ይችላላ።

አብዛኛው የሚገኘው ግን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ነው። እዚህ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጡ የበጎ አድራጎት ሱቆችና እሁድ ጠዋት ሰው ከመኪናው ሻንጣ እያወጣ በሚሸጥበት ሜዳ በጥቂት ፓውንድ ይገኛል። በላዩ የታላቅ ተጫዋች ፊርማ ስላለበት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ አይጠፋም። የጃክ ክሬመር ፊርማ ያለበት የዊልሰን ራኬት በሚሊዮን ተሸጧል፤ ሰውዬው በ1947 ዊምብልደንን ያሸነፈ ነው፣ ፊርማው ግን ፋብሪካ ያተመው ነው። የላክሁልዎትም ከዚህ ዓይነቱ ነው። በገንዘብ ብዙ አያወጣም፤ ለመልመጃ ግን የሚሻል የለም።

እንጨቱ ከገበያ የወጣውም በደካማነቱ አይደለም። ክብደቱ ጅማቱን ጨምሮ ከ370 እስከ 400 ግራም ነው፤ የዛሬው ወደ 300 ገደማ። የራሱ ስፋት የዛሬው ሁለት ሦስተኛ ነው። ስፋቱን ልጨምር ቢሉ እንጨቱ ወይ ይከብዳል ወይ ይጣመማል። በ1976 ፕሪንስ የሚባለው ኩባንያ ሰፊ ራስ ያለው የአሉሚኒየም ራኬት ሲያወጣ ነገሩ አበቃለት። በእንጨት ታላቅ ውድድር ያሸነፈው የመጨረሻው ወንድ ያኒክ ኖዋ ነው፤ በ1983፣ ፓሪስ ላይ።

አሁን ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ። የፋብሪካው ስም፣ ፊርማውና ቀለም ያላቸው መስመሮች በስስ ተለጣፊ ታትመው በላያቸው ቫርኒሽ የተቀባባቸው ናቸው። ያ ቫርኒሽ ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ሁለት ጊዜ ካሻሹት ፊደሉ አብሮ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። አልኮል በጭራሽ አያስነኩት፤ የቆየው ቫርኒሽ ብዙ ጊዜ በአልኮል የሚሟሟ ነው። የተልባ ዘይትም ይቅር። መጀመሪያ ያበራል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ጅማቱ ውስጥ ከገባም ያላላዋል። ማጽዳት ካስፈለገ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክረው አጥብቀው ይጭመቁት፤ እርጥበቱ በእጅ የሚሰማ ብቻ ይሁን። እጀታው ግርጌ ማንም በማያየው ቦታ ሞክረው ቀለም ካልወጣ ብቻ ይቀጥሉ፣ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ያብሱት። ከዚያ ቀለም የሌለው ሰም በስሱ፣ በዓመት አንድ ጊዜ። ሰሙ ጅማቱንና ቆዳውን አይንካ።

የእጀታው ቆዳ ሲነኩት እንደ ቀይ ዱቄት ከረገፈ ቆዳው በስብሷል፤ ቅባት አያድነውም። በስስ ወረቀት ጠቅልለው ይተዉት።

ራኬቱን ከካርቶኑ ሲያወጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት መጣመሙን ማየት ነው። የመስኮት መስታወት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ራሱን ያስተኙበት፤ እጀታው ከጠረጴዛው ውጭ ይንጠልጠል። በጣትዎ ዙሪያውን ሲነኩት ካልተንቀጠቀጠ ቀጥ ያለ ነው። ከተንቀጠቀጠ በጠማማው ሥር ያለውን ክፍተት በወረቀት ይለኩ። ከ2 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ይተዉት። ከዚያ በላይ የሆነውን መጫኛ ውስጥ፣ ማለትም ራሱን በሁለት የእንጨት ክፈፍ መካከል አጥብቆ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አስገብተው፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ስስ እንጨት ደርበው ለሳምንታት ማቆየት ይቻላል። በእንፋሎት ማቅናት ፈጣን ነው፣ ግን ተለጣፊውን ያነሳዋል፣ ሙጫውንም ይፈታዋል።

ስንጥቅ የሚፈልጉት ትከሻው ላይና በክቡ ግራና ቀኝ፣ ጅማቱ በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች መካከል ነው። በጥፍር ኳ ኳ ያድርጉት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ አለው። ንጣፎቹ ከተላቀቁ እዚህ ላይ ሙያዎ ይግባ፦ ስስ ቢላ ጫፍ ላይ ሙጫ አድርገው ያስገቡ፣ በሞርሳ ያጥብቁት፣ ሞርሳውና እንጨቱ መካከል ላስቲክ ያድርጉ፣ የወጣውን ሙጫ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ያንሱት። ከደረቀ በኋላ መፋቅ የለምና።

ጅማቱን በተመለከተ፦ የበገና አውታር ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ የድሮው የራኬት ጅማትም ያው አንጀት ነው፣ የበግ ወይም የከብት። ውሃ ጠላቱ ነው፤ ያብጥና ይተረተራል። ከተበጠሰም በጥንታዊ ራኬት ላይ እንደተበጠሰ ይተው፤ የመጀመሪያው ጅማት መኖሩ ራሱ ዋጋ አለው። ክቡ ከተሰነጠቀ ግን ውጥረቱ ስንጥቁን ያሰፋዋልና መቁረጥ ግድ ነው። መቁረጡም ሥርዓት አለው። ከመሐል ይጀምሩ፣ አንድ ቁመት፣ አንድ አግድም፣ እያፈራረቁ ወደ ዳር ይሂዱ። ቁመቶቹን በሙሉ ቀድመው ከቆረጡ አግድሞቹ ብቻቸውን ጎኑን ወደ ውስጥ ይስቡታል፤ ያኔ ክቡ ይረዝማል፣ አንዳንዴም ትከሻው ላይ ይሰበራል። ልጆቹ ሊጫወቱበት ከፈለጉ ናይለን ጅማት ከ20 እስከ 23 ኪሎ ውጥረት ይበቃል። ታዋቂው የስዊድን ተጫዋች ቢዮርን ቦርግ 36 ኪሎ አካባቢ ይወጥር ነበር፤ እሱ ግን ክብ ቢሰበርበት ሌላ የሚያቀርብለት ነበረው።

እንጨቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካዩ ነቀዝ ነው። አፉ ነጣ ያለ፣ ሥሩም አዲስ ብናኝ ካለ በሕይወት አለ። ጋዝ አይቀቡት። በላስቲክ ከረጢት አየር እንዳይገባ አሽገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡትም ከረጢቱን እስኪሞቅ አይፍቱት፤ አለበለዚያ ጤዛ እንጨቱ ላይ ያርፋል።

እዚያ የምፈራው ደግሞ ሌላ ነው። ከዚህ እርጥብ አገር ወደ አዲስ አበባ ደረቅ አየር ሲመጣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ እንደደረሰ ከካርቶኑ አያውጡት፤ ክዳኑን ከፈት አድርገው ሁለት ሳምንት ይተዉት፣ ቀስ ብሎ ይልመድ። ከዚያም ከምድጃና ከመስኮት ፀሐይ ይራቅ። ክረምት ላይ ደግሞ ከውጭ ግድግዳ ጋር አይሰቀል፣ ግድግዳው ላብ ያወጣልና። ወለል ላይም አይቀመጥ፤ ምስጡን እርስዎ ይበልጥ ያውቁታል።

አንድ ሥራ ብቻ ልለምንዎት፦ መጫኛ ይሥሩልኝ። የደረቀ ዋንዛ ይሁን። ሁለት አንድ ዓይነት አራት ማዕዘኖች፣ የእንጨቱ ስፋት 4፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር። የራኬቱ ራስ ከዳር እስከ ዳር 23 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ በግራና በቀኝ ቡሎኖቹ መካከል 26 ይኑር። ሁለቱ አግዳሚዎች አንዱ ክቡን ከላይ፣ ሌላው ከትከሻው በላይ ይርገጡት። ቡሎኑ 6 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሳንቲሜትር፣ አራት ማዕዘን ላይ፤ ዳዶው በጣት እንዲጠብቅ ክንፍ ያለው ይሁን። እንጨቱን የሚነካውን ገጽ በመላጊያ ፍጹም ቀጥ ያድርጉትና ወፍራም ጨርቅ ያልብሱት። ሲጠብቅ እንደ መኪና ጎማ በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂቱ ነው። አንዱን ማዕዘን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ቀጥ ያለውን ራኬት በገዛ እጁ ያጣምመዋል።

ክንፍ ያለው ዳዶ እዚያ ከጠፋ ይጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ሰው እልካለሁ። ለእትዬ የመነጽሯን ማኅደር ከራኬቶቹ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ካርቶኑ ሲከፈት እንዳይወድቅ።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ