መሃሉን መርፌ አይንካው

ውዷ ጓደኛዬ፣

መጀመሪያ ስደቢኝና እንገላገለው። በእንቁጣጣሽ የላክሽልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ፤ ያውም ሦስቴ። ዛሬ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ ስል ሌላ እንቁጣጣሽ መጣ። ከዚያ በኋላማ አፈርኩ። ይቅርታ። እናትሽን ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። «ተጣላችሁ እንዴ?» ብለው አፋጠጡኝ። «ኧረ በፍጹም!» ብዬ አመለጥኩ።

ናፍቀሽኝ ብቻ እንዳይመስልሽ የምጽፈው። ጉድ ሠርቻለሁ። ለእህቶቼ መናገር አቅቶኛል።

የቅዳሜው ስፌታችን አሁንም አለ። ያቺ መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚደገም ሞዴስ የምታመርተው ፍሬወይኒ መብራህቱ ኅዳር 2012 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለች ጊዜ፣ እታለም ከሶፋው ብድግ ብላ «እኛስ ምን ጎደለን? ሲንጀር አለን፣ አራት ሴት ነን» ስትል አንቺም ነበርሽ። ስቀሽብን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ በየሁለት ሳምንቱ እማዬ ቤት እንሰበሰባለን። ቅዳሜው 21 ላይ ከዋለ ግን ቡና ብቻ ነው። እማዬ በማርያም ቀን መርፌ አታስነካም። «ለጽድቅ ነው እኮ» ስንላት «ጽድቅ ሰኞም አለ» ትላለች።

እታለም ትቆርጣለች፣ እትዬ ትተኩሳለች፣ ሚጡ ቁልፍ ትተክላለች፤ ማለት ወሬ ታወራለች። እኔ ሲንጀሩ ላይ ነኝ። የእግር ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አንቆምም። ለአንድ ተማሪ አራት ሞዴስ፣ ሁለት ፓንት፣ አንድ ሳሙና እናደርጋለን። ፓንቱን የጨመርነው ዘግይተን ነው። አንድ መምህርት ናት «ፓንት የሌላት ልጅ ሞዴሱን ምን ላይ ታድርገው?» ያለችን። አራታችንም ተያየን። ይህን ያህል ጊዜ ደረታችንን ነፍተን ስንሰፋ አንዳችንም አላሰብነውም!

ወደ ጉዴ ልመለስ። ሞዴሱ ሦስት ንብርብር ነው። ላዩ ጥጥ፣ መሃሉ ፎጣ፣ ሥሩ ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ። የእታለም ሕግ አንድ ነው፦ ዙሪያውን ስፉ፣ መሃሉን መርፌ አይንካው። ስፒል እንኳ መሃል ላይ መሰካት ክልክል ነው። አንድ ቅዳሜ እሷ ለቅሶ ሄዳ አልነበረችም። ፎጣው እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። እንዲይዝልኝ ብዬ መሃል ለመሃል አንድ መስመር ሰፋሁበት። ከዚያ ታውቂኛለሽ፣ ባዶ ነገር አልወድም፤ መስመሩን አበባ አደረግኩት። በቀይ ክር። አርባውንም። ሚጡ «እንዴት ያምራል!» አለች። እኔም አመንኳት።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ደወለችልኝ። አንዷ ልጅ ክፍል ውስጥ ቀሚሷ ላይ ታየባት። ወንዶቹ ሳቁባት። ከዚያን ቀን ወዲያ አልመጣችም፤ አራት ቀን ሆናት። መምህርቷ እኔን አልወቀሰችም። «ምናልባት አያያዙን አላወቀችበት ይሆናል» አለችኝ። እኔም «ይሆናል» አልኩ። ገባሽ? ይሆናል አልኩ።

ማታ የተረፈችኝን አንዷን ይዤ ማዕድ ቤት ገባሁ። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ላይዋ ላይ አፈሰስኩና መብራቱ ሥር ገልብጬ ያዝኳት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ስፌቱ ላይ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ቀጥሎ ሌላ። አበባዬን ዙሪያዋን ተከትለው አንድ በአንድ ወጡ። ክሩን ተረተርኩት። ምን ዋጋ አለው፣ መርፌው የበሳው አይደፈን።

ደግሞ... ይህን እንዴት ልበልሽ። የስምንተኛ ክፍሉን ሰልፍ ታስታውሻለሽ። ሹራቤን አውልቄ ወገብሽ ላይ ማሰሬን ሠርግሽ ላይ ሳይቀር አንስተሽ አስለቅሰሽኛል። ግን እኔ ያየሁት ባንዲራው ሲሰቀል ነበር። ከኋላሽ ነበርኩ። መዝሙሩ እስኪያልቅ፣ ዳይሬክተሩ ማስታወቂያቸውን እስኪጨርሱ ዝም አልኩ። ከኋላ ሲስቁ እየሰማሁ። በእኔም እንዳይስቁ ፈርቼ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ለምን እንዳወጣሁትም አላውቅም። ሹራቡን እስከ ዛሬ ያልመለስሽልኝ ደግ አደረግሽ።

የፊታችን ቅዳሜ እንገናኛለን። ሚጡ ጭራሽ «አበባው ይቀጥል» እያለች ነው፤ አስቢው! የፈራሁት የእታለምን ቁጣ አይደለም። ብትቆጣ በወጣልኝ። እሷ ምንም ሳትል አርባውን ራሷ እንደ አዲስ ልትሰፋ ነው የምትቀመጠው። ዓይኗ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ቡና ሲፈላ ልንገራት ወይስ ለብቻዋ? አንቺ እሷን ማናገር ትችዪበታለሽ። እኔ ፊቷ ስቆም አሁንም የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሥሩ የሚገባው ጨርቅ እዚህ ያገኘሁት ወፍራሙን ነው፤ ይንኮሻኮሻል። ልጅቷ ስትራመድ ሊሰማባት ነው። እዚያ ቡር ዱባይ የጨርቅ ገበያ ስሱን ካገኘሽ ሁለት ሜትር ይበቃኛል። ሰው ሲመጣ ላኪልኝ። ዋጋውን ለእናትሽ እሰጣለሁ፣ እንዳትከራከሪኝ።

ካልተቀየምሽኝ ደውይ። ከተቀየምሽኝም ደውይና ተቀየሚኝ። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ይሁን።

ጨርቁ ነጭ አይሁን፣ ጠቆር ያለ ምረጪ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያፍራሉ፤ ፍራሽ ሥር ነው የሚያደርቁት። ጠቆር ካለ ከሌላ ልብስ ጋር ገመድ ላይ ይውላል።

ያንቺው