ፍራንክፈርት ላለችው ጓደኛዬ

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ከቆየን በኋላ የምጽፍልሽ፣ ትሠሪበት የነበረው ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ አንቺም እንደ ተሰናበትሽ፣ «ሶሻል (የመንግሥት የኑሮ ድጎማ) ከጠየቅሁ ወደ ስዊድን ይመልሱኛል» ብለሽ በመፍራትም የትም ሳትመዘገቢ በቁጠባሽ እየኖርሽ እንደ ሆነ ስለ ሰማሁ ነው። የናፍቆታችንን ወግ ለሌላ ቀን ላቆየውና ወደዚሁ ጉዳይ ልግባ።

የስዊድን ዜጋ በመሆንሽ ጀርመን ውስጥ የመኖር መብትሽ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የነፃ ዝውውር መመሪያ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቶ ያለ ፈቃዱ ሥራ ያጣ ሰው፣ በሥራ ፈላጊነት እስከ ተመዘገበ ድረስ የሠራተኛነት መብቱ ይቀጥላል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ደግሞ ቢያንስ ለስድስት ወር ይጠበቅለታል። እርዳታ መጠየቅ ብቻውን ለመባረር ምክንያት እንደማይሆንም መመሪያው በግልጽ ደንግጓል። የሥራ አጥነት አበሉማ ከደመወዝሽ በየወሩ ሲቆረጥ ከነበረው መዋጮ የሚከፈል የራስሽ ገንዘብ ነው። በአንጻሩ ሳይመዘገቡ በቁጠባ መኖር በሕግ የሚያዋጣው በቂ ገንዘብና ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ ላለው ሰው ብቻ ነው።

ፍርሃትሽ ከምን እንደ መጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አሊማኖቪች በሚባለው ጉዳይ፣ እንዳንቺው የስዊድን ዜግነት ያላቸው የበርሊን ነዋሪዎች፣ እናትና ልጅ፣ የሠሩት ከአንድ ዓመት በታች ስለሆነ፣ ስድስት ወሩ ካለፈ በኋላ ጀርመን የኑሮ ድጎማውን ልትከለክላቸው እንደምትችል ወስኗል። ሥራ እየፈለጉ የመኖር መብታቸውን ግን አልነሣቸውም። ሠርቶ የኖረን ቤተሰብ ዓመት አልሞላህም ብሎ ያለ መተዳደሪያ ማስቀረት እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም አንቺ ዓመቱን አልፈሻልና ይህ ውሳኔ አይመለከትሽም።

ስለዚህ የስንብት ደብዳቤሽን ይዘሽ ነገውኑ ወደ ሥራ ኤጀንሲው ሂጂ፤ ሥራሽን ያጣሽው ያለ ፈቃድሽ መሆኑን ማረጋገጥ ያለበት እሱ ነውና። አሠሪዎችሽ «በስምምነት ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ፣ እባክሽ፣ ሳታማክሪ አትፈርሚ። አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ ስትኖሪ ቋሚ የመኖሪያ መብት ታገኛለሽ፤ እንዲሁ ሳትመዘገቢ የምታሳልፊያቸው ወራት ግን ይህን ቆጠራ ሊያቋርጡብሽ ይችላሉ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ቅጹ ከከበደሽ ማታ ማታ ደውዪልኝ፤ በስልክ አብረን እንሞላዋለን።

ያንቺው ከበርሊን