ስድስተኛውን ሮኪ ሳታዩ አትፍረዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት የጥበብ ገጻችሁ ላይ ተከታታይ ፊልም ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጣዕሙ እየጠፋ ይሄዳል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ለብዙ ፊልም እውነት ነው። ስለ ቦክሰኛው ሮኪ ለሚተርኩት ፊልሞች ግን አይሠራም። ጸሐፊው አምስተኛው ላይ ያቆመ ይመስለኛል።

ሮኪን ያወቅኩት ፒያሳ ነው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች፤ ዛሬ ሰፈሩ ፈርሶ የቱ ጋ እንደነበረች ለማሳየት እንኳ ይቸግረኛል። መግቢያ 50 ሳንቲም። መስኮቷ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አግዳሚው ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን፣ የአንዱ ላብ ሌላውን እያራሰ እናይ ነበር። ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ፖስተር ከማየት አልፈን ለመግባት ኪሳችን አይፈቅድም። ባለቤቱ ያገኘውን ካሴት ስለሚከት እኔ መጀመሪያ ያየሁት አራተኛውን ነው። አክተሩ ያንን ግዙፍ ሩሲያዊ ሲዘርረው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የመጀመሪያው ክፍል የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጨረሻው ላይ አክተሩ ተሸነፈ። አክተር ይሸነፋል እንዴ? ካሴቱ የተቆረጠ መስሎን ሰውዬውን «የቀረውን ክፈትልን!» ብለን ጮህንበት።

አልተቆረጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲልቨስተር ስታሎን ራሱ ጽፎ የተወነበት፣ ጆን አቪልድሰን ያዘጋጀው፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ያ ፊልም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። የሰውዬው ምኞት ማሸነፍ አይደለም። 15 ዙር በእግሩ ቆሞ መጨረስ ነው። ከዚያ በ1979፣ በ1982 እና በ1985 የመጡት ሦስቱ ግን ያሸንፋል፣ ያሸንፋል፣ ያሸንፋል። ወደድናቸው፣ አልዋሽም። የ1990ው አምስተኛ ሲመጣ ገንዘቡን ተበልቶ፣ ጭንቅላቱ ተጎድቶ፣ ራሱ ካሠለጠነው ልጅ ጋር መንገድ ላይ ተደባደበ። አቪልድሰን ተመልሶ ቢያዘጋጀውም አላዳነውም። እኔም ከቪዲዮ ቤቱ የወጣሁት አዝኜ ነው።

16 ዓመት አለፈ። በ2006 ስታሎን በ60 ዓመቱ ስድስተኛውን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ራሱ ጓንት አጥልቆ መጣ። ሽማግሌው ሪንግ ላይ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ሲዲውን ሳልከፍተው ብዙ ጊዜ አቆየሁት። ለካ ፊልሙ ግማሹን ያህል ቡጢ የሚባል ነገር የለበትም! ሚስቱ አድሪያን ሞታለች። በስሟ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለደንበኞች የድሮ ግጥሚያዎቹን ይተርካል። መቃብሯ አጠገብ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ደግሞ አንድ ወንበር ሰቅሏል። ሲመጣ ያወርዳትና አጠገቧ ቁጭ ይላል። ሲሄድ መልሶ ይሰቅላታል።

ይህን ያየሁት ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበር። አባዬ እንግሊዝኛ አይሰማም፣ ፊልምም ብዙ አይወድ፤ እኔን ብሎ ነው የተቀመጠው። ወንበሯ ከዛፍ ስትወርድ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ። «እዚያው ነው የሚያሳድራት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አልተናገረም። በሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ይዤው ስሄድ አንድ ዱካ አንጠልጥሎ ወጣ። ስንመለስ ለመቃብር ጠባቂው አደራ ሰጥቶት መጣ።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። የሮኪ ወንድ ልጅ ታሪክ ተጣድፏል፤ ኮምፒውተር ሮኪንና የጊዜውን ሻምፒዮን ያገናኘበት ምናባዊ ግጥሚያ ወደ እውነተኛው የሚያደርስበት ምክንያትም ሳሳ ያለ ነው። ግጥሚያው ግን! ተጋጣሚውን የተወነው አንቶኒዮ ታርቨር በሕይወቱም የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ቦክሰኛ ስለሆነ ቡጢው ቡጢ ይመስላል። 10 ዙር ያልቃል። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለታርቨር ይሰጣሉ፣ ልክ በ1976 እንደሆነው። ሮኪ ውጤቱን ቆሞ አይሰማም፤ ለሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል። አዳነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሦስቱ ፊልሞች የነጠቁትን ሽንፈት መለሰለት። በልጅነቴ የጮህኩበት ያ መጨረሻ ሲደገም አባዬ ቀስ ብሎ አጨበጨበ።

በ2015 የመጣው፣ የሮኪን ታሪክ የሚቀጥለው «ክሪድ» በጣም ጥሩ ፊልም ነው፤ ስታሎንንም ለኦስካር አሳጭቶታል። ያለ ስድስተኛው ግን ያ በር የሚከፈት አይመስለኝም።

እና እባካችሁ ለገጹ ጸሐፊ ንገሩልኝ፣ ስድስተኛውን ይየው። ያላየ አንባቢም ካለ አንደኛውን አይቶ በቀጥታ ወደዚህ ይምጣ፣ አምስተኛውን ቢዘለው ምንም አይጎድልበትም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ