ያ ያስፋቁህ ታፔላ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህልኝ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብትቀየመኝ እውነትህን ነው። መጀመሪያ ሥራ ፍለጋ፣ ቀጥሎ የሌሊት ፈረቃ። ከዚያ በኋላ ግን ማፈር ነው የያዘኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ የመንገድ ስም ሰሌዳ ነው። ሲቲ ኦፍ ለንደን በሚባለው በጥንቱ የከተማዋ ክፍል የመንገድ ስሞች የሚጻፉት አልበርተስ በሚባል ፎንት ነው። ከሥራ ስወጣ አንዱ ሥር ቆምኩ። ፊደሉ ወፍራም ነው፤ ግን አይጮህም። ቀረብ ብለህ ስታየው ግንዱ፣ ማለትም የቆመው መስመር፣ ቀጥ ያለ አይደለም። ዘነዘና አስብ፤ እጅ የሚይዘው መሃሉ ቀጠን ብሎ ወደ ጫፎቹ የሚወፍረውን። እንደ ጋዜጣ ፊደል ጫፉ ላይ የተቀጠለ ቀጭን እግር የለውም። ግንዱ ራሱ ቀስ እያለ ሰፍቶ እግር ይሆናል።

ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። አብረን ታፔላ ስንጽፍ መስመሩን ስትጨርስ ብሩሹን ጫን ታደርገውና ጫፉ ሰፋ ይል ነበር። አለቃችን «ያበጠ ይመስላል» ብሎ ሙሉ ታፔላ ያስፋቀህ ቀን አጠገብህ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩልህም። ይቅር በለኝ።

የአልበርተስ ሠሪ በርቶልድ ቮልፔ ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1905 ጀርመን፣ ኦፈንባክ ውስጥ ተወለደ። ብረታ ብረት የሚያውቅ ሰው ነበር። ነሐስ ላይ ሲጽፍ ፊደሉን አይቆፍርም፤ ዙሪያውን ጠርቦ ያነሳና ፊደሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። እንዲህ ባለ ሥራ ስስ ጌጥ አይበረክትም፤ ጥንካሬው ከዚያ የመጣ ነው። ሞኖታይፕ የሚባለው የማተሚያ ፊደል ድርጅት ሰው ስታንሊ ሞሪሰን ይህን አይቶ በ1932 ፎንት አድርገህ ሥራልኝ አለው። ቮልፔ አይሁዳዊ ስለነበር ከናዚዎች ሸሽቶ በ1935 እንግሊዝ ገባ። ከ1941 ጀምሮ ፋበር ለሚባለው አሳታሚ ከ1500 በላይ የመጽሐፍ ሽፋን ሠራ። ብዙዎቹ ሥዕል እንኳ የላቸውም፤ ርዕሱና የደራሲው ስም ብቻ ሽፋኑን ሞልተውት ታያለህ።

እንዲህ ያለ ፊደል ለርዕስ፣ ለሱቅ ስም፣ ለመታሰቢያ ድንጋይ ነው። ሁለት ሦስት ቃል፣ ተለቅ ተደርጎ፣ በፊደሎቹ መሃል ትንፋሽ ተሰጥቶት። ረጅም ጽሑፍ ግን አይጻፍበትም። ሲያንስ ያ የጫፉ ስፋት ይጠፋና ገጹ ጥቁር ብቻ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ያንን የድሮ እጅህን በኛው ፊደል መልሰህ ሞክረው። ከ«ተ» ጀምር፤ ግንዷ ይመቻል። ጫፏን እንደ በፊቱ ጫን አድርገህ ጨርሳት፣ ማንም አያስፍቅህ። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። እባክህ ስልኩን አንሳው።

ወንድምህ