«አግብተዋል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ ስለ ቤተሰብ ምክርና ሕክምና የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ስለ ባለሙያው ማንነት ሲነሳ ግን ጽሑፎቹ ብዙ ጊዜ የትምህርት ማዕረጉን ጠቅሰው ያልፋሉ። በዚህ ሙያ እንደምሠራ ሰው የማውቀው፣ ርዳታ ፈላጊዎች በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የሚጠይቁኝ ሌላ መሆኑን ነው፤ «አግብተዋል? ልጆች አሉዎት? እንዲህ ያለ ነገር እርስዎም ደርሶብዎት ያውቃል?» ይሉኛል። ጥያቄው አያስቀይመኝም፤ የቤቱን ገመና ለማያውቀው ሰው ሊገልጥ የተነሣ ሁሉ ሕመሙ የሚገባው ሰው መፈለጉ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ መከራ ማሳለፍ ብቻውን ብቃት አይሆንም፤ እንዲያውም ያልሻረ ቁስል ያለበት ባለሙያ በሰው ቤት የራሱን ቤት እያየ ሊሳሳት ይችላል።

በእኔ እምነት በቤተሰብ ቴራፒስት የኋላ ታሪክ ውስጥ ዋናው ነገር ያደገበትን ቤት መርምሮ ማወቁ ነው። ከሙያው መሥራቾች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን (Murray Bowen) እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቤተሰቦችን ከነታማሚያቸው በሆስፒታል ክፍል እያኖረ አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ በገዛ ቤተሰቡ ውስጥ ስለነበረው ድርሻና ያንን ለመለወጥ ስላደረገው ጥረት ተናግሯል። ዛሬ በብዙ ሥልጠናዎች ውስጥ ሠልጣኙ የራሱን ቤተሰብ ቢያንስ እስከ ሦስት ትውልድ ጄኖግራም በሚባለው ንድፍ እንዲያሰፍር ይደረጋል። አባቱ በተቆጣ ቁጥር እናቱን ለመከላከል መሐል ይገባ የነበረ ልጅ፣ አድጎ ቴራፒስት ሲሆን ባልና ሚስት ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ጊዜ ሳያስበው ለሚስቲቱ ሊወግን ይችላል። ይህን ዝንባሌውን የሚያውቅ ሰው ራሱን ይገታል፤ የማያውቀውን ደግሞ ልምድ ያለው ባልደረባ ሥራውን በየጊዜው እየገመገመ ሊያሳየው ይገባል። ስለዚህ በስልክ መጠየቅ ያለበት «ሥራዎን ማን ይገመግምልዎታል?» የሚለው ነው። ይህን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለ አሠራሩም ብዙ የተሳሳተ ግምት አለ። ወላጆች ልጃቸውን አምጥተው «ይህን አስተካክሉልን» ሲሉ፣ የሚጠብቁት ከልጁ ጋር ብቻ እንድንነጋገር ነው። እኛ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጠን «እሱ ትምህርት ቤት አልሄድም ባለ ቀን በቤቱ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይቀራረባል?» ብለን እንጠይቃለን። ትልልቆቹ ዝም ይላሉ፤ «ያን ቀን አባባ ቶሎ ይመጣል፤ ከእማማም ጋር አይጣሉም» ብላ የምትመልሰው ታናሽ እህቱ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ልጁን ከአስታራቂነት ማሳረፍ፣ ባልና ሚስትንም ጠባቸውን ያለ እሱ እንዲወጡት ማለማመድ ነው፤ ይህም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም።

ቴራፒስቱ ዳኛ አይደለም ሲባል ግን ዱላ ባለበት ቤት ሁሉም እኩል ድርሻ አለው ማለት አይደለም። ተበዳዩ በጋራ ስብሰባ ላይ የተናገረው ቃል ቤት ሲደርስ ሊያስመታው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ እያንዳንዱን አስቀድሞ ለብቻው ያነጋግራል፤ አደጋ መኖሩን ከተረዳም የጋራውን ውይይት ትቶ ደኅንነትን ያስቀድማል። እንዲሁም ከጥንዶቹ አንዱ ለብቻው ደውሎ የሚነግረው ምስጢር እንዴት እንደሚያዝ በመጀመሪያው ቀን ለሁለቱም ይነገራል፤ ይህ ሳይነገር የተጀመረ ሕክምና በመሐል ሲፈርስ አይቻለሁ።

የዝግጅት ክፍላችሁ ከእንግዲህ አንድን ባለሙያ ለአንባቢ ሲያስተዋውቅ፣ በየትኛው የአሠራር መንገድ እንደሠለጠነ፣ ሥራው እንዴት እንደሚገመገም፣ ምስጢርንና የቤት ውስጥ ጥቃትን በተመለከተ ምን ደንብ እንደሚከተል ጭምር እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቤተሰብ ቴራፒስት