በእኛ ሰዓት የተሞላ የሌላ አገር ኮከብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ሂንዱዎች የጋብቻ ኮከብ ቆጠራ የወጣውን ጽሑፍ ያነበብሁት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ወረፋ ይዤ ነበር። ጸሐፊው የሂንዱዎቹ ስሌትና የእኛው የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ አውደ ነገሥት አንድ ናቸው ማለታቸው፣ ተጫጭተው ያሉ ወጣቶችም በስልካቸው ቢሞክሩት ጉዳት የለውም ብለው መደምደማቸው ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገደደኝ። አንድ አለመሆናቸውን እንደ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ጉዳቱን ደግሞ እንደ አንዲት እጮኛ አጎት ላስረዳ እወዳለሁ።

በአውደ ነገሥቱ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የሰውየው ስም ከእናቱ ስም ጋር ተደምሮ በ12 ሲገደፍ የሚተርፈው ቁጥር ኮከቡ ነው፤ 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሰውር እየተባለ እስከ ሑት ይወርዳል። አሥራ ሁለቱም ከእሳት፣ ከመሬት፣ ከነፋስና ከውሃ ለአንዱ ይመደባሉ፤ የጥንዶቹ መግጠምና አለመግጠም የሚነገረውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። አስተምር በነበረበት ዘመን ማካፈልና ቀሪን ለማስረዳት ይህንኑ ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼ የዚያን ቀን ያህል ማካፈልን ወደው አያውቁም። ታዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ ፀሐይ የምትባል ልጅ ነበረች። ስሟን በፀሐዩ "ፀ" ሲጽፉትና በጸሎቱ "ጸ" ሲጽፉት ድምሩ ተለያየ፤ ድምሩ ሲለያይ ኮከቧም ተለወጠ። በስሌቱ ውስጥ ሰማይ አንድም ጊዜ አይጠየቅም። የተወለደችበት ቀንም ሆነ ሰዓት ምንም ቦታ የለውም።

በነገራችን ላይ የአባቶቻችን የዘመንና የበዓላት ማስሊያ ባሕረ ሐሳብም የሚሠራው በቀሪ ነው፤ ዓመተ ዓለሙ በ19 ተገድፎ የሚተርፈው ወደ ወንበር፣ ወንበሩም ወደ አበቅቴ ይወስደናል። አበቅቴ ግን የጨረቃን ዕድሜ የሚናገር በመሆኑ ማንም ሰው ማታ ከደጁ ወጥቶ ቀና በማለት ሊመረምረው ይችላል። የባሕረ ሐሳብን ክብር ለአውደ ነገሥት የሚያውሱ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነበር።

የሂንዱዎቹ አሠራር ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። እኔ ያወቅሁት ከጡረታ በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤት ሒሳብ በምይዝበት፣ ገላን አካባቢ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ ከሚሠሩ ከሕንድ ጉጃራት ግዛት የመጡ የሒሳብ ሹም ነው። እነርሱ የሚጠይቁት ስም ሳይሆን የተወለዱበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነው። ጨረቃ ሰማዩን የምትዞርበት መንገድ ናክሻትራ በሚባሉ 27 ማደሪያዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ማደሪያ 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሲሆን ዳግመኛ በአራት ይሸነሸናል። ልጁና ልጅቱ ሲወለዱ ጨረቃ ያደረችባቸው ማደሪያዎች ከታወቁ በኋላ በስምንት ነገሮች ይመዘናሉ። የመጀመሪያው 1 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ እንዲህ እያለ ስምንተኛው 8 ነጥብ ይይዝና ድምሩ 36 ይሆናል፤ ከ18 በታች ያገኙ ጥንዶች እንዲጋቡ አይመከርም። አራት ነጥብ ያለው መመዘኛ እያንዳንዱን ሰው ከአሥራ አራት እንስሳት ለአንዱ ይሰጠዋል፤ አንዱ እባብ፣ ሌላው እባብ ገዳዩ ፍልፈል መሰል አውሬ ከሆኑ ዜሮ ነው። ከሁሉ የሚፈራው ግን ናዲ የተባለው ባለ 8 ነጥቡ ነው። ሰው ሁሉ በሦስት ናዲ ይመደባል፤ ሁለቱ እጮኞች አንድ ዓይነት ናዲ ከያዙ ስምንቱም ነጥብ ይቀርና ለልጆቻቸው ጤና ይሰጋል። ከነጥቡ ውጭ ደግሞ የማርስ ነገር አለ። ማርስ የልደት ሰንጠረዡ ሰማዩን ከሚከፍልባቸው አሥራ ሁለት ቤቶች በአንደኛው፣ በአራተኛው፣ በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ቤት ከተገኘች ባለሰንጠረዡ ለትዳር ጓደኛው አደገኛ ነው ይባላል፤ አንዳንድ ቤተሰብ ክፉውን ለማራቅ ልጅቱን አስቀድሞ ለእንስራ ወይም ለሙዝ ተክል ይድራታል።

እኚህ ባልደረባዬ ስለዚህ ሁሉ ሲያወሩ የሚያስገርም እርጋታ ነበራቸው። በእነርሱ ዘንድ ቁጥሩ የንግግር መጀመሪያ ነው፤ ናዲው ቢወድቅ የሚሽርበት ደንብ ይፈለጋል፣ ሌላ ዐዋቂ ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ይመክራል። ከዚህም በላይ የላከውን ቤተሰብ ሳያስቀይሙ እምቢ ለማለት "ሰንጠረዡ አልገጠመም" ማለት ትልቅ መውጫ መሆኑን ነገሩኝ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ እኛስ "ኮከባችን አልገጠመም" የምንለው ለዚሁ አይደለም? ማንንም ሳይወቅሱ ለመለያየት ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላውቅም። ለጨዋነት እስካገለገለ ድረስ በኮከብ ላይ ቂም የለኝም።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። የእህቴን ልጅ የሚያገባት ወጣት ሽማግሌ ልኮ ነገሩ መስመር ከያዘ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አክስቱ ወደ እህቴ ቤት መጡ። ቡናው ቶና ላይ ነበር። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡና ዝም አሉ። ወረቀቱ ከታክሲ ተራው አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ ነው፤ ቤቱን የያዘው ልጅ የሕንዶቹን ማዛመጃ በስልኩ ጭኖ በክፍያ ያወጣል። ከላይ "13/36" የሚል በቀይ ተጽፏል፤ ከሥሩ ናዲ ዜሮ መሆኑና በእጅ የተጨመረ "ልጅ አይጸናላቸውም" የሚል ቃል አለ። እህቴ ስኒውን እንደያዘች ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። በረካው ሳይጠጣ ቀረ።

ለሁለት ሳምንት ያህል በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ስልክ አልተደወለም። እኔ ወረቀቱን ተበድሬ ሳየው ዓይኔ የገባው ቀዩ ቁጥር ሳይሆን ጥጉ ላይ በደቃቁ የታተመው ነው፤ "12/05/1991፣ 3:00" ይላል። የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጥር 12 ቀን 1991 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ እናቷ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ በሚመለስበት ዕለት በመሆኑ አትረሳውም፤ የጤና ጣቢያው ካርድም ይኸው ይላል። ያ ዕለት በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 1999 ነው። ስልኩ ግን የተረዳው ሜይ 12 ቀን 1991 ብሎ ነው። እንግዲህ ከልጁ ጋር አልገጠመችም የተባለችው ሴት የእህቴ ልጅ ከመወለዷ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቀድማ የተወለደች ሌላ ሰው ናት። በዚያ በሜይ ቀን ጨረቃ ልትጨልም ሁለት ቀን ያህል ቀርቷት ነበር፤ በጥር 12 ግን ሦስት ቀን ያህል የሆናት ለጋ ጨረቃ ነበረች።

ዓመተ ምሕረቱ ቢስተካከል እንኳ ሰዓቱ ይቀራል። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለውን ስልኩ 9 ሰዓት ይለዋል፤ 3:00 ብለው ሲሞሉለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው ብሎ ይይዛል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ጨረቃ ከሦስት ዲግሪ በላይ ትጓዛለች፤ ይህም የአንድ ማደሪያ ሩብ ያህል ነው። ማርስ የተቀመጠችበት ቤት ደግሞ የሚቆጠረው በልደቱ ቅጽበት በምሥራቅ ከሚወጣው የኮከብ ምድብ ጀምሮ በመሆኑና አሥራ ሁለቱም ምድቦች በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚወጡ፣ በስድስት ሰዓት ስሕተት ሦስት ቤት ያህል ይዛወራል። በሂንዱዎቹ በራሳቸው ሕግ እንኳ ብንዳኝ ያ ወረቀት የሚያስቀጣ ነው።

ለአክስትየው ይህን አስረድቼ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አብረን ሄድን። ልጁ አልተከራከረም፤ አስተካክሎ ሞላው፤ 25 ወጣ። አክስትየው እልል አሉ። አዘጋጅ ሆይ፣ እውነቱን ልናገርና እኔም ደስ አለኝ፤ እህቴ ዘንድ ደውዬ "ሃያ አምስት!" ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ዕፍረቱ የመጣው። አሥራ ሦስቱን በሒሳብ ያፈረስሁት ሰው ሃያ አምስቱን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበልሁት።

ጥያቄው ግን ተጠይቆ ያውቃል። በጊዜው የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዴቪድ ቮአስ በፈረንጆች የ2001ን የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ ቆጠራ ይዘው የ10 ሚሊዮን ጥንዶችን የልደት ቀን በ2007 መርምረዋል። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ኮከብ ያላቸው ባለትዳሮች ከሚጠበቀው ጥቂት በዝተው ተገኝተው ነበር። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ምክንያቱ ቅጹን የሞላው ሰው የራሱን ልደት ለትዳር ጓደኛውም ደግሞ መጻፉ ነበር፤ ስሕተቱ ሲወጣ ኮከቡም አብሮ ጠፋ። ይህን ሳነብ የኛን ፎቶ ኮፒ ቤት አስታወስሁ። በእርግጥ እርሳቸው ያዩት በልደት ቀን ፀሐይ ያለችበትን የኮከብ ምድብ እንጂ ሂንዱዎቹ የሚከተሉትን የጨረቃን ማደሪያ ስላልሆነ የሕንድን መልስ ከሕንድ መስማት ይገባል። ሕንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጃያንት ናርሊካር ከባልደረቦቻቸው ጋር የ200 ልጆችን የልደት ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ እኩሌቶቹ በትምህርት ጎበዞች፣ እኩሌቶቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ነበሩ። 27 ኮከብ ቆጣሪዎች እያንዳንዳቸው 40 ሰንጠረዥ ወስደው እንዲለዩ ሲጠየቁ በአማካይ ያገኙት 46 በመቶውን ነው፤ ሳንቲም ቢወረውሩ ከዚህ አይከፋም ነበር።

ለልጆች ጤና ለሚሰጋ ቤተሰብ የእኛም አገር የሚጠየቅ ነገር አላጣም። ሰባት ቤት መቁጠር የሥጋ ዝምድናን ይመለከታል፤ ሂንዱዎችም በፈረንጆች በ1955 በወጣው የጋብቻ ሕጋቸው በአባት በኩል አምስት፣ በእናት በኩል ሦስት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ ይህን የሚያደርጉት በሰንጠረዥ ሳይሆን በአያት ስም ነው። የደም ዓይነት ምርመራ ደግሞ የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የአባት ፖዘቲቭ ሲሆን ለሚመጣው ችግር አስቀድሞ መርፌ ለማዘጋጀት ያስችላል። የእህቴ ልጅና እጮኛዋ ምርመራውን ያደረጉት ከዚያ ሁለት ሳምንት ዝምታ በፊት ነበር፤ ውጤቱን የጠየቀ ዘመድ ግን አንድም አልነበረም።

ስለሆነም ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ዳግመኛ ስትጽፉ፣ እነዚህ ማዛመጃዎች የሚሠሩት በፈረንጆች ዘመንና ሰዓት መሆኑን፣ ቁጥሩንም የሂንዱ ቤተሰብ ራሱ የመጨረሻ ቃል አድርጎ እንደማይቀበለው ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ አውጡ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። የሃያ አምስቱን ወረቀት አክስትየው አጣጥፈው በቦርሳቸው ይዘውታል፤ የአሥራ ሦስቱ እኔ ዘንድ ነው። ለማመሳከር ካስፈለገ የልጆቹን ስም ሸፍኜ ቅጂውን ልልክ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
ከቱሉ ዲምቱ