የኬሚስትሪ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኤሌክትሮድ ላይ የሚለጠፈው

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ያተኮረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጠዋት በባፈር (ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት ልኩ፣ ታውቆ በማይለዋወጥ ፈሳሽ) ተስተካክሎ በትክክል ያነበበ ሴንሰር፣ ወተት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ለምን ይዛባል? ምክንያቱ ባዮፎውሊንግ ይባላል። አባላቱ «ልጥፍ» ብለውታል፤ ስሙ ስለተስማማው እዚህም ይቀጥል። ፕሮቲን ጠጣር ነገር ሲነካ በሰከንዶች ውስጥ መለጠፍ ይጀምርና በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ወተት ታልቦበት በውኃ ብቻ የተለቀለቀ ቅል ምን እንደሚሸት ለሚያውቅ የወሎ ልጅ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በፒኤች ሜትር አለፈ። መሣሪያው በፒኤች 7 እና 4 ባፈር ይስተካከላል፤ ከዚያ ያልፈላ ወተት ይለካል (የጤነኛ ላም ወተት ከ6.6 እስከ 6.8 አካባቢ ነው)። ኤሌክትሮዱ (ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረው የመሣሪያው ክፍል) በተጣራ ውኃ ታጥቦ ወደ ፒኤች 7 ባፈር ይመለስና ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ ሰዓት ይያዛል። ዋናው ፈተና ይህ ወደ ባፈር መመለስ ነው፤ ልጥፍ የያዘው ኤሌክትሮድ ይንቀረፈፋል።

ብርድ ግን ከልጥፍ ጋር እንዳይምታታ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የአንድ ፒኤች ልዩነት 59.2 ሚሊ ቮልት ይሰጣል፤ በደሴ ጠዋት ክፍሉ 15 ዲግሪ ሲሆን 57.2 ብቻ። ስለዚህ ሚሊ ቮልቱ ባነሰ ቁጥር ኤሌክትሮዱን ከመውቀስ በፊት ቴርሞሜትር ማየት ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚያላክከው በኤሌክትሮዱ ጫፍ ባለው የመስታወት ጉልላት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ግን ከጎን ያለችው ነጭ የሴራሚክ ነጥብ ናት፤ የኤሌክትሮዱ የውስጥ ጨው፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ቀስ እያለ የሚወጣው በእሷ ነው። የወተቱ ፕሮቲን ኬዚን ቀዳዳዎቿን ሲደፍን ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። አጠባው እንዲህ ነው፦ ቅባቱ በቀጠነ የዕቃ ሳሙና ይለቃል፤ ከዚያ 1 ግራም ፔፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) በ100 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተበጥብጦ ኤሌክትሮዱ 15 ደቂቃ ይነከራል፤ ታጥቦም 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አንድ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ እንደገና ይስተካከላል። ሙቅ ውኃ ክልክል ነው፣ ፕሮቲኑን እዚያው ያበስለዋል። በጨርቅ መፈተግም እንዲሁ።

በሁለተኛው ሴሚስተር የተለካው ኤሌክትሪክ ፍሰት (ከረንት) ነው። የሥራ ኤሌክትሮዱ የ2ቢ እርሳስ ግራፋይት ሆነ፤ ጎኑ የጥፍር ቀለም ተቀብቶ ጫፉ ብቻ ክፍት ቀረ። ቮልቴጁ የሚለካበት ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ በረኪና ውስጥ 30 ደቂቃ ተነክሮ የጠቆረ የብር ሽቦ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ 0.75 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 0.165 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ይሟሟል፤ ቮልቴጁ ከ0.6 ወደ −0.2 ቮልት ወርዶ ሲመለስ በፍሰቱ ግራፍ ላይ ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ።

ለልጥፉ ፕሮቲን ደም አልተጠቀምንም፤ የእንቁላል ነጭ ተካው። አንድ እጅ ነጭ በዘጠኝ እጅ የጨው ውኃ (በሊትር 9 ግራም) ይቀጥናል። በንጹሕ ውኃ ከቀጠነ ነጭ ክር ያወጣል። እርሳሱ 10 ደቂቃ ተነክሮ፣ ታጥቦ ሲመለስ ጉብታዎቹ ያጥራሉ፣ እርስ በርስም ይራራቃሉ፤ ሽፋኑ ኤሌክትሮን የሚተላለፍበትን ገጽ አጥብቧል፣ መተላለፉንም አዘግይቷል። በንጹሕ እርሳስም ቢሆን የጉብታዎቹ ርቀት በመጽሐፍ ካለው 59 ሚሊ ቮልት ይበልጣል፤ መነጻጸር ያለበት ከራሱ የፊት ንባብ ጋር ነው። አደገኛው ነገር ቁጥሩ ረግቶ መታየቱ ነው፤ ረግቶ ያሳንሳል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ፌሪሲያናይድ ከብርቱ አሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ሃይድሮጅን ሲያናይድ ሊለቅ ይችላል። የፔፕሲኑ አሲድና ይህ ሥራ በተለያየ ጠረጴዛ፣ ቆሻሻቸውም በተለያየ ጠርሙስ ነው።

ከመፍትሔዎቹ ርካሹ ጫፉን በምላጭ ቆርጦ በወረቀት ማለስለስ ነው፤ አዲስ ገጽ በነጻ ይገኛል። ኤሌክትሮዱን አስቀድሞ በአልቡሚን (በአንድ ዓይነት ፕሮቲን) መሸፈንም ይቻላል፤ ፍሰቱ ያንሳል፣ ግን መዋዠቁ ይቀንሳል። ናሙናን በባፈር ማቅጠንም ይረዳል፣ የሚፈለገው ነገር መጠኑ ትንሽ ካልሆነ። እኔ የምመርጠው የታወቀ መጠን እዚያው ናሙና ላይ እየጨመሩ መለካትን ነው፤ ንጹሕ ባፈር ላይ የተሠራ ማስተካከያ ልጥፍ ስላለበት ኤሌክትሮድ አይመሰክርምና። ይህም የሚሠራው ልጥፉ በጭማሪዎቹ መካከል ካልጨመረ ብቻ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ናሙና ከአዲስ ብርጭቆ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

የተረፈው ፔፕሲን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የብር ሽቦው ፖታሲየም ክሎራይድ ባለበት ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጠዋል። የእርጎና የአሬራ ልኬት ለ2018 ተላልፏል።